የአጥንት ጎተራ በወጣትነት ይሞላል

በቦንጋ ከተማና በአካባቢዋ የሚኖር ሰው ሁሉ፣ በገበያ መንገድ ላይ ወይም በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ደጅ፣ ጀርባቸው የጎበጠ፣ በምርኩዝ የሚሄዱ፣ ቀና ብለው የሰው ፊት ለማየት የሚቸግራቸው እናት አያጣም። እኒህን እናት ያየ ሁሉ «እርጅና ነው» ብሎ ያልፋል። እርሳቸውም «እርጅና ብቻውን አይመጣም» ብለው ዝም ይላሉ። እኛ ግን በዚህ ወር ጽሑፋችን ልናስረዳ የምንፈልገው ነገሩ የዕድሜ ዕዳ ብቻ አለመሆኑን ነው። ምክንያቱ የታወቀ፣ ስም ያለው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ መከላከያ ያለው ሕመም ነው። ስሙም የአጥንት መሳሳት ይባላል።

ነገሩ እንዲገለጥልን በአንድ ምሳሌ እንጀምር። በየመንደሩ የሚደርስ ስለሆነ፣ አንባቢያችን ከሚያውቋቸው ሰዎች በአንዱ ላይ ደርሶ አይተውት ይሆናል።

አንድ መምህር ከእናቱ ጋር ይኖራል እንበል። እናቱ 66 ዓመት ሆኗቸዋል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለበዓል ያሰፋላቸው የአገር ልብስ ያን ጊዜ ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ይደርስ ነበር፤ ዘንድሮ ቢለብሱት መሬት ለመሬት ተጎተተ። ቤተ ሰቡ «ቀሚሱ ረዘመ» ብሎ ሳቀ። ቀሚሱ ግን አልረዘመም፤ እናት ናቸው ያጠሩት። በክረምቱ ወራት በረጠበ ደፍ ላይ ተንሸራተው እጃቸውን ቢያስደግፉ የእጃቸው አንጓ ተሰበረ። ወጌሻ አሰረላቸው፤ ስብራቱም ዳነ። ይሁን እንጂ ከቁመት በማይበልጥ ውድቀት አጥንት ስለ ምን እንደሚሰበር የጠየቀ አልነበረም። መምህሩ ቢያዝን፣ እናቱ «ልጄ፣ ያረጀ ነገር ይሰበራል፤ ምን ይደረጋል?» አሉት። ከሁለት ዓመት በኋላ ሌሊት በጨለማ ለሽንት ሲወጡ እንደገና ወደቁ፤ አሁን የተሰበረው የዳሌያቸው አጥንት ነው። ከዚያ ወዲያ በእግራቸው ቆመው አልሄዱም።

ሕመሙ ሦስት ጊዜ በሩን አንኳኳ፤ የተሰማው ግን ሦስተኛው ብቻ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የመጀመሪያው እንዲሰማ፣ ቢቻልም ከመጀመሪያው በፊት ቤቱ ተዘጋጅቶ እንዲቆይ ለማድረግ ነው።

አጥንት ድንጋይ አይደለም

ብዙ ሰው አጥንትን እንደ ቤት ምሰሶ ይቈጥረዋል፤ አንድ ጊዜ ከተተከለ ወዲያ እስኪነቅዝ ድረስ እንዳለ የሚቆም ይመስለዋል። በ1967 ዓ.ም. በአፋር ምድር በሐዳር የተገኘችው የድንቅነሽ አጥንት 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያህል የቆየው፣ ሕይወት ከተለየው በኋላ በመሬት ውስጥ ወደ ድንጋይነት ስለ ተለወጠ ነው። በሕያው ሰው ውስጥ ያለው አጥንት ግን ደም የሚዘዋወርበት፣ ዘወትር የሚፈርስና ዘወትር የሚሠራ ሕያው አካል ነው። አንዳንዶቹ ሕዋሳት ያረጀውን አጥንት ይቦረቡራሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ በተቦረቦረው ስፍራ አዲስ ይተካሉ። በዚህ አኳኋን በአዋቂ ሰው ከመላው አጥንት በየዓመቱ 10 ከመቶ ያህሉ ይታደሳል።

የአዋቂ ሰው አጥንት በቍጥር 206 ነው። በሰው አካል ውስጥ 1 ኪሎ ያህል ካልሲየም የተባለ ንጥረ ነገር ይገኛል፤ ከዚህም ውስጥ 99 ከመቶው በአጥንትና በጥርስ ውስጥ ተከማችቷል። የቀረው 1 ከመቶ በደምና በሥጋ ውስጥ ሆኖ ልብ እንዲመታ፣ ጡንቻ እንዲኮማተር፣ የፈሰሰ ደም እንዲረጋ ይረዳል። ይህ ጥቂቱ ክፍል ከልኩ እንዲጎድል አካል ፈጽሞ አይፈቅድም። ስለዚህም ሰው ከሚበላው ምግብ በቂ ካልሲየም ያላገኘ እንደ ሆነ፣ አካሉ ከአጥንቱ እየቈነጠረ ይወስዳል። ይኸውም ገበሬ በክፉ ቀን ከጎተራው እየዘገነ እንደሚኖር ማለት ነው።

ይህ የጎተራ ምሳሌ ነገሩን ሁሉ ይገልጠዋል። ሰው ከተወለደ ጀምሮ እስከ 30 ዓመት ዕድሜው ገደማ የሚከተው ከሚወጣው ይበልጣል። እንዲያውም ሴት ልጅ በ18 ዓመቷ፣ ወንድ ልጅ በ20 ዓመቱ፣ ሊኖራቸው ከሚችለው አጥንት 90 ከመቶ ያህሉን አጠራቅመው ይገኛሉ። ከ30 ዓመት በኋላ ለጥቂት ዘመን ገቢና ወጪው ይተካከላል፤ ከዚያ ወዲያ ወጪው እያመዘነ ይሄዳል። እንግዲህ ጎተራውን ሞልቶ ወደ እርጅና የገባ ሰው ቢቀነስበትም ይተርፈዋል፤ ጎተራው ጎደሎ ሆኖ የገባ ግን ፈጥኖ ወለሉ ይታያል።

አጥንት ስለ ምን ይሳሳል?

የመጀመሪያው ምክንያት ዕድሜ ነው፤ ይህ በወንድም በሴትም ላይ ይደርሳል። በሴቶች ላይ ግን ሌላ ምክንያት ይጨመርበታል። የወር አበባ በሚቋረጥበት ጊዜ፣ ማለትም በማረጥ ዘመን፣ ኤስትሮጅን የተባለው የአጥንት ጠባቂ ሆርሞን በአካላቸው ውስጥ እጅግ ያንሳል። ያን ጊዜ ቦርቧሪዎቹ ሕዋሳት ይበረታሉ፤ ጠጋኞቹም ሊደርሱባቸው አይችሉም። ከማረጥ በኋላ ባሉት ከ5 እስከ 7 ዓመታት ውስጥ አንዳንድ ሴት ከአጥንቷ እስከ 20 ከመቶ ድረስ ልታጣ ትችላለች። ይህን የማረጥንና የአጥንት መሳሳትን ግንኙነት አሜሪካዊው ሐኪም ፉለር ኦልብራይት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1941 በጻፉት ጽሑፍ ገልጠውት ነበር። ከዚያ በፊት ግን ብዙ ሐኪሞች ሳይቀሩ የአሮጊቶችን መጉበጥ እንደ ተፈጥሮ ሕግ ይቈጥሩት ነበር።

ከእነዚህ ሌላ አጥንትን የሚያሳሱ ነገሮች አሉ። ሲጋራ ማጨስ፣ አረቄንና ሌላውንም የሚያሰክር መጠጥ ማብዛት፣ ከልክ ያለፈ ክሳት፣ ለብዙ ጊዜ ተኝቶ መኖር፣ እንዲሁም እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለውን መድኃኒት ያለ ሐኪም ክትትል ለወራት መዋጥ ይገኙበታል። እናቱ ወይም አባቱ በዳሌ ስብራት የተጎዱበት ሰው ደግሞ ከሌላው ይልቅ ሊጠነቀቅ ይገባዋል።

ስለ እናቶች አንድ ነገር እንጨምር። «ብዙ በመውለዴ አጥንቴ አለቀ» የሚሉ ሴቶች ብዙ ናቸው። በእርግጥ እናት ልጅዋን በምታጠባበት ጊዜ ከአጥንቷ ጥቂት ይቀነሳል፤ ነገር ግን ልጁ ጡት ከጣለ በኋላ ባሉት ወራት በደንብ ከተመገበች የተቀነሰው ይመለሳል። ስለዚህ ጡት ማጥባት አጥንትን ይጨርሳል ብሎ መፍራት አይገባም። የሚያስፈልገው የምታጠባውን እናት በሚገባ መመገብ ነው።

ሕመሙ ድምፅ የለውም። አጥንት ሲሳሳ አያምም፣ አያሳብጥም፣ አያተኩስም። በብዙ ሰው ዘንድ የሚታወቀው ስብራት ሲደርስ ብቻ ነው፤ ስብራቱም አብዛኛውን ጊዜ በእጅ አንጓ፣ በአከርካሪ ወይም በዳሌ ላይ ይሆናል። የአከርካሪ አጥንት ከላዩ ያለውን ክብደት መሸከም ሲያቅተው እንደ ተረገጠ ቆርቆሮ ይጨመታል፤ ሰውየው ሳይወድቅ እንኳ ቁመቱ ያጥራል፣ ጀርባው ይጎብጣል። ቀሚስ የሚጎተተው ስለዚህ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1994 የአጥንትን ጥግግት በልዩ የራጅ መሣሪያ እየለኩ ሕመሙን የሚለዩበትን መጠን ወስኗል። ይህ መሣሪያ በየከተማው የሚገኝ አይደለም። ሆኖም መሣሪያው የለም ተብሎ መቀመጥ አይገባም፤ የቁመት ማጠርና በቀላል ውድቀት የደረሰ ስብራት ለአስተዋይ ሰው በቂ ምልክት ናቸው።

ነገሩ ዛሬ ስለ ምን ያሳስበናል?

በ1950ዎቹ ዓመታት በኢትዮጵያ አንድ የተወለደ ሕፃን በአማካይ ሊኖር የሚችለው ዕድሜ ወደ 40 ዓመት ገደማ ነበር። ዛሬ ግን 65 ዓመትን አልፏል። ይህ በክትባት፣ በንጹሕ ውሃ፣ በእናቶችና በሕፃናት ሕክምና የተገኘ ታላቅ በረከት ነው። ሰው ዕድሜ ባገኘ መጠን ግን አያቶቻችን ያልደረሱባቸው የእርጅና ሕመሞች ወደ ቤታችን መምጣታቸው አይቀርም። በዓለም ላይ 50 ዓመት ካለፋቸው ሰዎች መካከል ከሦስት ሴቶች አንዷ፣ ከአምስት ወንዶች አንዱ፣ በቀረው ዘመናቸው በአጥንት መሳሳት የተነሣ ስብራት እንደሚያገኛቸው ይገመታል። የዳሌ ስብራት ከሁሉ የከፋ ነው። የዳሌ አጥንታቸው ከተሰበረ አረጋውያን መካከል በአንድ ዓመት ውስጥ ከአምስቱ አንዱ ያህል ይሞታል። የሚገድለው ስብራቱ ራሱ ብቻ አይደለም፤ ተኝቶ መኖር የሚያመጣው የሳንባ ምች፣ የደም መርጋትና የመኝታ ቍስል ጭምር ነው።

«አገራችን የ13 ወር ፀሐይ ያላት ስለሆነች እኛን አያሰጋንም» የሚል ሰው ይኖራል። ፀሐይ ማንሣቱ ደግ ነው፤ ምክንያቱም ካልሲየም ከምግብ ወደ ደም የሚገባው በቪታሚን ዲ ረዳትነት ነው፤ ቪታሚን ዲን ደግሞ ቆዳችን ፀሐይ ሲያገኘው ይሠራዋል። ነገር ግን ፀሐይ በሰማይ መኖሯና በቆዳችን ላይ ማረፏ ልዩ ልዩ ነገር ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2015 በታተመ ጥናት በአዳማ ከተማና በዙሪያዋ ገጠር ያሉ ተማሪዎች ተመርምረው፣ ከ100 ተማሪዎች 42ቱ የቪታሚን ዲ ጉድለት ተገኘባቸው። ይልቁንም የሚያስደንቀው፣ ጉድለቱ ከገጠር ልጆች ከመቶ 21 ያህሉ ላይ ብቻ ሲገኝ፣ ከከተማ ልጆች ግን ከመቶ 62 ያህሉ ላይ መገኘቱ ነው። የገጠሩ ልጅ ከብት ሲጠብቅ፣ የከተማው ልጅ በቤት ውስጥ ይውላል። አዳማ ሞቃትና ፀሐይ የሚበዛባት ከተማ ናት። ደመና ከዓመቱ በብዙው ወራት በማይለይበት፣ ዝናብና ጥቅጥቅ ያለ ደን ባለበት በካፋ ምድር ደግሞ ምን ያህል መጠንቀቅ እንደሚገባ አንባቢ ራሱ ሊያመዛዝን ይችላል።

ጎተራውን የሚሞላ ምግብ

አንድ አዋቂ ሰው በቀን 1,000 ሚሊግራም ያህል ካልሲየም ያስፈልገዋል፤ ከ50 ዓመት በላይ ለሆናቸው ሴቶችና ከ70 ዓመት በላይ ለሆናቸው ወንዶች 1,200 ሚሊግራም ይመከራል። አንድ ብርጭቆ ወተት ወይም እርጎ 300 ሚሊግራም ያህል ይሰጣል። ነገር ግን ምንጩ ወተት ብቻ አይደለም። 100 ግራም ዳጉሳ ከ300 ሚሊግራም በላይ፣ 100 ግራም ጤፍ ከ150 ሚሊግራም በላይ ካልሲየም አለው። ቅርፊቱ ያልተገፈፈ ሰሊጥም በካልሲየም የበለጸገ ነው።

በካፋ ጓሮ ሁሉ የማይጠፋው ጎመን ደግሞ ታላቅ ሀብት ነው። አካላችን ከጎመን የሚያገኘውን ካልሲየም በቀላሉ ይወስዳል። ቆስጣ ግን ምንም እንኳ ካልሲየም ቢኖረው፣ በውስጡ ያለው ሌላ ንጥረ ነገር ስለሚይዘው ለአካል የሚተርፈው ጥቂት ነው። አይብ በሚወጣበት ጊዜም ከወተቱ ካልሲየም ጥቂት የማይባለው ክፍል ከአጓቱ ጋር ይወጣል። ስለዚህ አጓቱን ከመድፋት መጠጣት ወይም ምግብ ማቡኪያ ማድረግ ብልኅነት ነው።

ቆጮን በሚመለከት አንድ ምክር አለን። እንሰት ድርቅን የሚችል፣ ቤተ ሰብን ከረኃብ የሚያድን ተክል ነው፤ ካልሲየምም አያጣውም። በእንሰት አገሮች አጥንቱ ለተሰበረ ሰው የአንዳንድ እንሰት አሚቾ ተቀቅሎ ከወተት ጋር የሚሰጠውም ስለዚሁ ጥቅሙ ነው። ነገር ግን ቆጮ በፕሮቲን እጅግ ድኻ ነው። የአጥንት ግማሽ ያህሉ ይዘት የሚሠራው ደግሞ ከፕሮቲን ነው፤ ካልሲየሙ የሚለጠፍበት ማገር እርሱ ነው። ማገር በሌለበት ጭቃ አይቆምም። ስለዚህ ቆጮ ብቻውን ሳይሆን ከጎመንና ከባቄላ፣ ከአተር ወይም ከምስር፣ የሚገኝ ከሆነም ከወተት፣ ከእንቁላልና ከሥጋ ጋር ይበላ።

በጾም ወራት ወተት ለማይጠጡ አንባቢያን የምንለው ይህ ነው፦ ጾም አጥንትን የሚጎዳው በወተቱ ስፍራ ሌላ ያልተተካ እንደ ሆነ ነው። የዳጉሳ እንጀራና ገንፎ፣ የሰሊጥ ወጥ፣ ጎመንና ጥራጥሬ በጾም ገበታ ላይ ካልጎደሉ ጎተራው አይራቆትም። የታመሙና እጅግ ያረጁ ሰዎች ግን ሐኪማቸውንና የንስሓ አባታቸውን ቢያማክሩ መልካም ነው።

ቡናስ?

በቡና መገኛ አገር ስለ አጥንት ጽፈን ስለ ቡና ዝም ብንል አንባቢያችን አይለቁንም። የካፋ ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ የተመዘገበው ከሌላው ሀብቱ ጋር የዱር ቡና መኖሪያ በመሆኑ ነው። በዚህ አገር ጎረቤት ሳይጠራሩ አቦልና ቶና መጠጣት አይታሰብም። «ቡና አጥንት ይበላል» የሚባለው እውነት ነውን?

እውነትነቱ ጥቂት ነው። በቡና ውስጥ ያለው ካፌይን በሽንት የሚወጣውን ካልሲየም በመጠኑ ይጨምራል፤ በአንድ ሲኒ ምክንያት የሚጎድለው ግን እጅግ ትንሽ ስለሆነ አንድ ወይም ሁለት የሾርባ ማንኪያ ወተት ይተካዋል። ችግር የሚሆነው ከቁርስ እስከ ራት በቡና ብቻ ለሚውልና ምግቡን ለሚተው ሰው ነው። በተለይም አንዳንድ አረጋውያን «ቡና ካገኘሁ ምግብ አያሻኝም» ይላሉ። ስለዚህ ቡናውን አንከለክልም፤ ከቡናው ጋር ግን የሚበላ ነገር ይቅረብ፣ የሚወድም ሰው ወተት ይጨምርበት። ጎረቤት ለቡና መውጣቱ ራሱ አረጋውያንን ከቤት ስለሚያስወጣና ስለሚያራምድ ጥቅሙ ቀላል አይደለም።

ፀሐይና እንቅስቃሴ

ቆዳ ቪታሚን ዲን በሚገባ የሚሠራው ጥላችን ከቁመታችን በሚያጥርበት ጊዜ ነው፤ ይኸውም በአገራችን ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ይሆናል። ሰማዩ በጠራ ቀን ክንድንና ፊትን ገልጦ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ፀሐይ መቀበል፣ ይህንንም በሳምንት ሦስት አራት ቀን ማድረግ ይበቃል። በመስታወት ውስጥ የሚገባ ፀሐይ ያሞቃል እንጂ ለዚህ አይጠቅምም። ቆዳቸው ቀለም የሌለው ወገኖቻችን ግን ፀሐይ ስለሚጎዳቸው የሐኪም ምክር ይከተሉ።

አጥንት ሸክም ባገኘው መጠን ይጠነክራል። ይህን በግልጽ ያሳዩን ወደ ጠፈር የሚሄዱት ሰዎች ናቸው። በዚያ ክብደት ስለማይሰማቸው ከዳሌ አጥንታቸው በየወሩ ከ1 እስከ 1.5 ከመቶ ያህል ያጣሉ። ቤት ውስጥ ከአልጋና ከወንበር የማይነሣ ሰውም በመጠኑ እንደ ጠፈርተኛው ነው። ስለዚህ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት መራመድ፣ ዳገት መውጣት፣ ጓሮ መኮትኮት ለአጥንት ምግብ ነው። አረጋውያን ደግሞ ግድግዳ ተደግፈው በአንድ እግር ለጥቂት ጊዜ መቆምን፣ ከወንበርም እጃቸውን ሳያስደግፉ አሥር ጊዜ መነሣትንና መቀመጥን ቢለማመዱ ሚዛናቸው ይጸናል። እንዲህ ያለ ልምምድ የመውደቅን ብዛት ከመቶ 23 ያህል እንደሚቀንስ በልዩ ልዩ አገሮች በተደረጉ ጥናቶች ታውቋል።

ይሁን እንጂ እንቅስቃሴ ስንል ወገብን አጉብጦ ከባድ ሸክም ማንሣትን አይደለም። አጥንታቸው የሳሳ እናቶች እንስራ ወይም የማገዶ ሸክም እንዲያዝሉ መተው ለአከርካሪያቸው አደገኛ ነው። ይህን ሥራ ወጣቶች ይረከቧቸው።

ውድቀትን ከቤት ማስወጣት

የሳሳ አጥንት ካልወደቀ ብዙ ጊዜ አይሰበርም። ስለዚህ አረጋውያን የሚኖሩበትን ቤት የሚከተሉትን ነገሮች እያሰብን እንመርምር።

1ኛ/ ደፉና ደጁ በክረምት የሚያንሸራትት ከሆነ ጠጠር ይነስነስበት፤ መያዣ የሚሆን እንጨትም በጎኑ ይተከል።

2ኛ/ የቤቱ ወለል ጎድጓዳ ከሆነ ይደልደል፤ የሚያደናቅፍ ጉልቻ፣ ገመድና የተጠቀለለ ምንጣፍ ከመተላለፊያ ይነሣ።

3ኛ/ በሌሊት የሚያበራ መብራት ወይም ባትሪ ከራስጌ አይጥፋ። ለሌሊት የሚሆን የሽንት ዕቃ በአልጋ አጠገብ ማኖርም ነውር አይደለም።

4ኛ/ በጭቃ ወራት የማያንሸራትት፣ ተረከዝን የሚይዝ ጫማ ይደረግ፤ ምርኩዙም በቁመት ልክ ይሁን።

5ኛ/ የዓይን ሞራ ግርዶሽ ያለበት ሰው ይታከም። ደፉን የማያይ ሰው ደፉን አይዘልም።

6ኛ/ እንቅልፍ ወይም የራስ መዞር የሚያመጣ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ለሐኪማቸው ይንገሩ።

ስብራት ከደረሰ

የወጌሻ ሙያ በአገራችን የቆየና የተከበረ ነው። ነገር ግን ከመጠን በላይ የጠበቀ እሥራት ደም ከልክሎ ጤነኛ የነበረውን እጅ ወይም እግር እስከ ማስቈረጥ እንደሚያደርስ በሐኪም ቤቶቻችን ደጋግሞ ታይቷል። ከታሰረ በኋላ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ፣ ከደነዘዙ ወይም ሕመሙ እየባሰ ከሄደ፣ ሳይውል ሳያድር እሥራቱን አላልቶ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል።

አንድ ሽማግሌ ወይም አሮጊት ወድቀው መቆም ካቃታቸው፣ የተጎዳውም እግር አጥሮና ወደ ውጭ ዞሮ ከታየ፣ ዳሌያቸው እንደ ተሰበረ ሊጠረጠር ይገባል። ይህ የሚታሽ ወይም የሚጎተት አይደለም። በቃሬዛ አጋድሞ፣ እግሩን ሳያንቀሳቅሱ፣ በፍጥነት ራጅ ወዳለበት ሆስፒታል ማድረስ ነው። በቦንጋ የገብረ ጻድቅ ሻዎ ሆስፒታል አለ፤ ሐኪሞቹም አስፈላጊ ሆኖ ሲገኝ ወደ ከፍተኛ ሕክምና ይልካሉ።

ስብራቱ ትንሽ ቢሆንና ቢድንም ነገሩ በዚያ አይዘጋ። ከ50 ዓመት በላይ የሆነ ሰው በቀላል ውድቀት ከተሰበረ፣ ሁለተኛው ስብራት ከመምጣቱ በፊት ሐኪም ምክንያቱን ይመርምር። አጥንትን የሚያጠነክሩ መድኃኒቶች አሉ፤ ሁሉም ግን በሐኪም ትእዛዝ እንጂ በጎረቤት ምክር የሚወሰዱ አይደሉም። የጀርባ ሕመም ከትኵሳት፣ ከሌሊት ላብና ከክሳት ጋር ከመጣ፣ ወይም በወጣት ላይ ጉብጠት ከታየ፣ የአከርካሪ ነቀርሳ ሊሆን ስለሚችል ፈጥኖ መታየት አለበት። ነቀርሳ በመድኃኒት ይድናል።

ለመምህራን የቀረበ ቃል

መምህራን ሆይ፣ የነገዎቹ አረጋውያን ዛሬ በፊታችሁ ባለው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። የ13 ዓመቷ ተማሪ በዚህ ዓመት የምትበላው ጎመን፣ በዕረፍት ሰዓት በፀሐይ የምትጫወተው ገመድ ዝላይ፣ ከ60 ዓመት በኋላ ዳሌዋን የሚያቆም ነው። ስለዚህ የዕረፍትን ሰዓት ለቅጣት ብላችሁ አትከልክሉ፤ በስፖርት ክፍለ ጊዜም ሴቶች ልጆች ዳር ቆመው ተመልካች እንዳይሆኑ አድርጉ። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው።

ከተማሪዎቻችሁም ጋር አንድ ቀላል ሥራ ብትጀምሩ እንወዳለን። በየዓመቱ በዘመን መለወጫ ሰሞን ተማሪው የታናሽ ወንድሙን ወይም የእኅቱን ቁመት በቤቱ መቃን ላይ በከሰል ምልክት ያድርግ፤ በዚያው መቃን ላይ የአያቱንም ቁመት፣ ያለ ጫማ ቀጥ ብለው ቆመው፣ ምልክት ያድርግ። የልጁ ምልክት ከዓመት ወደ ዓመት ከፍ ማለት አለበት። የአያት ምልክት ደግሞ ባለበት ቢቆይ ደግ ነው፤ 4 ሳንቲ ሜትርና ከዚያም በላይ ዝቅ ያለ እንደ ሆነ፣ «ቀሚሱ ረዘመ» ብሎ መሳቅ ቀርቶ ወደ ጤና ጣቢያ ይዟቸው ይሂድ። በምሳሌ ያነሣናቸው እናት በመቃናቸው ላይ እንዲህ ያለ ምልክት ኖሯቸው ቢሆን፣ በሩ በመጀመሪያ ሲንኳኳ የሚሰማ ሰው ባልታጣም ነበር።